ለተኳሽ ጢንዚዛ የሚሆን የስልክ ሌንስ፦ በሐይቅ ዳርቻ የተፈተኑ ሁለት ማጉያዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የስልክ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ውስጥ፣ በመቆንጠጫ ከስልክ ካሜራ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ዓይነት ማጉያ ሌንሶች ይገኛሉ። አንደኛው ትንሽ፣ የመስታወቱ ስፋት ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ማሸጊያው ላይ «15 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛው ወፈርና ከበድ ያለ፣ ጠርዙ ብረት የሆነ፣ ሻጮቹ «የ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ» የሚሉት ነው። እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ፤ ሁለቱንም የገዛኋቸው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ይኸውም ጠላት ሲመጣባቸው የሚያቃጥል ኬሚካል እየረጩ ራሳቸውን የሚከላከሉ ጢንዚዛዎችን በሐይቅ ዳርቻ ለተማሪዎቼ ለማሳየት ነው። ሻጮቹ አጥብቀው የሚመክሩት ባለ 15 እጥፉን ነው። ለዚህ ሥራ ግን አነስ አድርጎ የሚያጎላው ሁለተኛው ሌንስ እጅግ ይሻላል፤ ልዩነቱም የምስል ውበት ብቻ ሳይሆን ሥራውን የመቻልና ያለመቻል ልዩነት ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከእንስሳው መጀመር ይኖርብኛል። ተኳሽ ጢንዚዛ የምላቸው በመሬት ላይ እየሮጡ ሌሎች ነፍሳትን ከሚያድኑት ጢንዚዛዎች ወገን ናቸው። ካራቢዴ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ፤ በዓለም ላይም ከ500 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ፌሮፕሶፈስ የተባለው ወገን በአፍሪካ በሰፊው ይገኛል፤ ራሱና ደረቱ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ፣ ጀርባው ደግሞ ጠቆር ብሎ ቢጫ ምልክት ያለበት በመሆኑ በቀላሉ ይለያል። የላይኛው ጠንካራ ክንፋቸው ከኋላ በኩል ተቆርጦ የቀረ መስሎ ስለሚያልቅ የሆዳቸው ጫፍ ወጣ ብሎ ይታያል፤ የሚተኩሱትም በዚያ ጫፍ ነው። ቀን ቀን በድንጋይና በወደቀ ቅጠል ሥር ተደብቀው ይውሉና ማታ ይወጣሉ። እርጥብ አፈር ይወዳሉ፤ የአንዳንድ የፌሮፕሶፈስ ዝርያዎች እጮች የሚያድጉት በእርጥብ መሬት ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖረውን የፌንጣ ዘመድ እንቁላል እየበሉ ነውና። ስለዚህ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ዳርቻ፣ በተለይም ክረምቱ ሲገባ፣ ድንጋይ እያነሱ ለመፈለግ ምቹ ቦታ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ፤ ይህ የነገሩ ዋና ክፍል ነው። በጢንዚዛው ሆድ ውስጥ፣ በስተኋላ፣ ጥንድ ዕጢዎች አሉ፤ እያንዳንዱም ዕጢ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ትልቅ የማጠራቀሚያ ከረጢት ሲሆን፣ በውስጡ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሃይድሮኪኖን የተባሉ ኬሚካሎች በውሃ ተበጥብጠው ይቀመጣሉ። ብዙ ሰዎች ሁለቱ ኬሚካሎች ተለያይተው እንደሚቀመጡና በተገናኙ ቅጽበት እንደሚፈነዱ አድርገው ይናገራሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ አብረው ያለ አንዳች ፍንዳታ ይቆያሉ። ፍንዳታውን የሚያስነሱት በሁለተኛው፣ ግድግዳው ጠንካራ በሆነው ትንሽ ክፍል ውስጥ ያሉት ካታሌዝና ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው። ጢንዚዛው ሲነካ ከረጢቱን በጡንቻው ይጨምቃል፤ ፈሳሹም በመካከል ያለውን ቫልቭ አልፎ ወደ ትንሹ ክፍል ይገባል። እዚያም ኢንዛይሞቹ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይሰብሩታል፣ ሃይድሮኪኖኑን ደግሞ ቤንዞኪኖን ወደሚባል የሚያቃጥልና የሚቆጠቁጥ ውህድ ይለውጡታል። ከዚህ ሂደት የሚወጣው ሙቀት ፈሳሹን እስከ መፍላት ያደርሰዋል፤ የኦክሲጅኑ ግፊት ደግሞ በሆዱ ጫፍ በኩል አስፈንጥሮ ያስወጣዋል።

የኬሚካሉን ብርታት ለመገመት የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር። ቁስል ለማጠብ ከፋርማሲ የምንገዛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብዙውን ጊዜ 3 በመቶ ነው፤ ይህ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ጢንዚዛ ግን 25 በመቶ የሚሆነውን በሆዱ ተሸክሞ ይዞራል። ኬሚካሎቹን ለይቶ ያወቀው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሄርማን ሺልድክኔክት ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቶማስ አይስነርና ዳንኤል አኔሻንስሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር የርጭቱን ሙቀት ለክተው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መሆኑን አሳዩ። ርጭቱ ሳይቋረጥ የሚወጣ ጅረት አለመሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሰከንድ 500 ጊዜ ያህል እየተቆራረጠ፣ በምት በምት ይወጣል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፣ በኃይለኛ የኤክስሬይ ጨረር የሕያው ጢንዚዛን ሆድ ውስጥ ያዩ ተመራማሪዎች የምቱን ምክንያት አገኙት፤ እያንዳንዱ ፍንዳታ የሚፈጥረው ግፊት ራሱ የፈሳሹን መግቢያ ይዘጋዋል፣ ግፊቱ ሲወጣ መግቢያው ይከፈታል፣ አዲስ ፈሳሽም ይገባል፤ ጢንዚዛው እያንዳንዱን ምት በጡንቻው ማዘዝ አያስፈልገውም።

እነዚህን ቁጥሮች ይዘን ወደ ሌንሶቹ እንመለስ።

ባለ 15 እጥፉ ሌንስ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው ከሚታየው ነገር 2 ሳንቲሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ የዚህ ሌንስ ብቻ ጉድለት ሳይሆን የሁሉም ጠንካራ ማጉያዎች ጠባይ ነው፤ በተለመደው ስሌት 25 ሳንቲሜትርን ለማጉያው ቁጥር ስናካፍል ሌንሱ ሊቀመጥ የሚገባው ርቀት ይገኛል፤ ባለ 10 እጥፉ 2 ሳንቲሜትር ተኩል፣ ባለ 15 እጥፉ ከ2 ሳንቲሜትር በታች ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ርጭት ይህንን ርቀት የሚጨርሰው በ2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ የዓይን ቆብ አንድ ጊዜ ተከድኖ እስኪከፈት 100 ሚሊ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በሌላ አነጋገር፣ በዚህ ሌንስ ተኳሽ ጢንዚዛን በጥራት ማየት ማለት ሌንሱን፣ ስልኩንና የያዙትን ጣቶች በአፈሙዙ ፊት ማስቀመጥ ማለት ነው። በፈተናው ወቅት የሌንሱ የፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ያረፈው ርጭት ቡናማ ነቁጥ ትቶበታል፤ በሳሙና ቢታጠብም አልለቀቀም። መስታወቱ ግን በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ጸድቷል።

ከአደጋው ይልቅ ለእኔ የከበደኝ ሌላው ጉዳይ ነው። ስልክ የሚያህል ነገር 2 ሳንቲሜትር ድረስ ሲጠጋው ጢንዚዛው እንደተለመደው አይሆንም። ጥላ ሲያርፍበት ወደ ድንጋይ ሥር ይሮጣል፤ አልያም የሌንሱ ጠርዝ ሲነካው ይተኩሳል። ስለዚህ የሚታየው የተረበሸ እንስሳ እንጂ በራሱ ኑሮ ላይ ያለ እንስሳ አይደለም። ከዚህም ሌላ በዚህ ርቀት ስልኩ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ የስልኩ መብራት ደግሞ በሌንሱ አካል ተከልሎ ግማሹን ምስል ጨለማ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ የጢንዚዛው ራስ ሲጠራ ሆዱ ይደበዝዛል፣ ሆዱ ሲጠራ ራሱ ይጠፋል። ለሞተና በወረቀት ላይ ለተቀመጠ ናሙና ይህ ይቻላል፤ ለሚሮጥ ጢንዚዛ ግን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም።

የ100 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ የሚሠራው ከ4 እስከ 10 ሳንቲሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ይህ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ሁሉንም ነገር ይለውጠዋል። ብርሃን ከጎን ይገባል፣ ጢንዚዛው ሙሉ በሙሉ በምስሉ ውስጥ ይገባል፣ ከራሱ እስከ ሆዱ ጫፍም አብዛኛው አካሉ በአንድ ጊዜ ይጠራል። ከሁሉ በላይ የሆዱ ጫፍ ሲዞር ይታያል። ይህ መዞር ትልቅ ነገር ነው፤ አይስነርና አኔሻንስሊ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከኬንያ የመጣ የዚሁ ወገን ጢንዚዛ እግሩን በወረንጦ ሲቆነጠጥ የተቆነጠጠውን እግር ለይቶ፣ አልፎ ተርፎም በጀርባው ላይ አሳልፎ ወደ ፊት እንደሚተኩስ አሳይተዋል። ተማሪዎቼ ይህንን በመጽሐፍ ቢያነቡት እንደ ተረት ይቆጥሩት ነበር። በዚህ ሌንስ ግን ጢንዚዛውን በቀጭን የሣር ዘንግ ከግራ በኩል ነካ ሲያደርጉት ጫፉ ወደ ግራ፣ ከቀኝ ሲነኩት ወደ ቀኝ ሲዞር በስክሪኑ ላይ ራሳቸው አይተዋል። ጭስ የሚመስለው ተን ይታያል፤ ጧ የሚለው ቀጭን ድምፅም ጸጥ ባለ ምሽት በጆሮ ይሰማል።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ በአጠቃላይ አንድ ጥቅም መናገር ይገባኛል። በሥነ ሕይወት ትምህርት የቆየው መሣሪያ በእጅ የሚያዘው አጉሊ መነጽር ነው፤ እርሱን እወደዋለሁ፣ ለቅጠልና ለአበባም አሁን ድረስ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ከዓይን ጋር ተጠግቶ የሚያዝ፣ ዕቃውም ከመስታወቱ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ የሚርቅ ስለሆነ፣ የልጅን ዓይን ከሚፈላ ቤንዞኪኖን ፊት በጣት ስፋት ያህል ያቀርበዋል። ስልኩ ግን ዓይንን ከእንስሳው ነጥሎ በስክሪን ፊት ያስቀምጠዋል፤ ሰላሳ ልጅም በተራ ሳይገፋፋ አንዱን ቪዲዮ መልሶ መላልሶ ማየት ይችላል። እንዲህም ሆኖ መከላከያ መነጽር ያላደረገ ተማሪ ወደ ድንጋዩ እንዲጠጋ አልፈቅድም። በዳርቻው ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ፣ ድንጋይ ስናነሳ ቆመው ካዩን በኋላ፣ «አብሽሩ መምህር፣ አይገድልም፤ ብቻ ፊትዎን ራቅ ያድርጉ፣ ዓይን ነው የሚፈልገው» ብለውናል። ጢንዚዛው ዓይን አይመርጥም፤ ምክራቸው ግን ከማንኛውም የደንብ ወረቀት የተሻለ ስለሆነ ለተማሪዎቼ በእርሳቸው ቃል እነግራቸዋለሁ።

ስለ ቪዲዮ ደግሞ ገዢዎች ሊያውቁት የሚገባ ወሰን አለ። በሱቅ ውስጥ ሌንሱ ከስልኩ ስሎው ሞሽን ጋር ሲሆን «ምንም አያመልጠውም» ይባላል። አብዛኞቹ ስልኮች በስሎው ሞሽን በሰከንድ 240 ምስል ያነሳሉ፤ ይህም ማለት አንዱ ምስል 4 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሸፍናል ማለት ነው። የጢንዚዛው ምት ግን በየ2 ሚሊ ሰከንዱ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ ሁለት ምቶች ተደርበው አንድ ደመና ሆነው ይታያሉ። የትኛውም ሌንስ ይህንን አያስተካክለውም፤ ጉዳዩ የካሜራው ፍጥነት ነው። በአርጎን የሠሩት ተመራማሪዎች በሰከንድ እስከ 2000 ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ያስፈለጋቸው በዚሁ ምክንያት ነው። የ100 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ የሚያሳየው የርጭቱን አቅጣጫ፣ የሆዱን መዞርና የተኑን ስፋት ነው፤ ምቶቹን አንድ በአንድ አያሳይም። ለመማሪያ ክፍል ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም ቪዲዮውን ካዩ በኋላ «ለምን ምቱ አይታየንም?» የሚለውን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩት ማድረግ ጥሩ የፊዚክስ ትምህርት ይሆናል።

ታዲያ ባለ 15 እጥፉ ጭራሽ አይረባም ማለት ነው? አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። ቤንዞኪኖን ቆዳንም ወረቀትንም ቡናማ ያደርጋል። ጢንዚዛው በነጭ ወረቀት ላይ ሲሄድ ከኋላው በሣር ዘንግ ከተነካ የሚረጨው ፈሳሽ በወረቀቱ ላይ ምልክት ይተዋል። ጢንዚዛውን ወደ ድንጋዩ ከመለስነው በኋላ ወረቀቱን በባለ 15 እጥፉ ማየት ይቻላል፤ ወረቀት አይሮጥም፣ አይተኩስም፣ 2 ሳንቲሜትር ድረስ ቢጠጉትም ምንም አይሆንም። የጠብታዎቹ መጠን፣ ወፈር ያሉት የት እንዳረፉ፣ ደቃቆቹ ምን ያህል እንደተበተኑ፣ የርጭቱ ማዕዘን ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ይለያል። አይስነርና አኔሻንስሊም ጢንዚዛው ወዴት እንዳነጣጠረ ያጠኑት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ በአሲድ፣ በፖታሲየም አዮዳይድና በስታርች የተነከረ ወረቀት ተጠቅመው ርጭቱ ያረፈበት ቦታ ወዲያው እንዲጠቁር አድርገዋል። ፖታሲየም አዮዳይድ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይህንን ሊሞክረው ይችላል፤ የሌለው ግን በተራ ነጭ ወረቀትም ብዙ ያያል። ስለዚህ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ለእንስሳው የ100 ሚሊ ሜትሩ፣ ለወረቀቱ ባለ 15 እጥፉ። አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ግን ያለ ማመንታት የ100 ሚሊ ሜትሩን ይግዛ።

እንስሳውን በተመለከተ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ተኳሽ ጢንዚዛ ከረጢቱ እስኪያልቅ ድረስ እስከ 20 ጊዜ ያህል መተኮስ ይችላል፤ ያ ካለቀ በኋላ ግን ኬሚካሉን እንደገና እስኪያመርት ድረስ ባዶ እጁን ነው። የሐይቅ ዳርቻ ደግሞ እንቁራሪቶችና ወፎች የሞሉበት ነው። ለተሻለ ቪዲዮ ሲባል ደጋግሞ የተነካካ ጢንዚዛ ተኩሱን ጨርሶ ለጠላቶቹ ተላልፎ ይሰጣል። ይህ መሣሪያ ለእርሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የጃፓን ኮቤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ሙከራ ማስታወስ ይበቃል፤ ጉርጦች የዋጧቸው የፌሮፕሶፈስ ጢንዚዛዎች በጉርጦቹ ሆድ ውስጥ ተኩሰው ከ12 እስከ 107 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ 43 በመቶ የሚሆኑት ጉርጦች እንዲያስመልሷቸው አድርገዋል፤ የተመለሱትም ጢንዚዛዎች በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ አንድን ጢንዚዛ ከሁለት ጊዜ በላይ መንካት እንደማይገባ ለተማሪዎቼ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ለዚህም ሲባል ከሩቅ የሚሠራውና በመጀመሪያው ተኩስ ላይ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው ሌንስ ተመራጭ ነው።

ሁሉም የሚያቃጥል ጢንዚዛ ተኳሽ እንዳልሆነ ማወቅም ለሌንስ ምርጫ ይጠቅማል። በባቄላና በሌሎች ሰብሎች አበባ ላይ የሚገኙት፣ ሜሎይዴ የሚባል ቤተሰብ አባላት የሆኑት ደማቅ ቀለም ያላቸው ጢንዚዛዎች ሲነኩ ከእግራቸው መገጣጠሚያ ካንታሪዲን ያለበት ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ ያ ፈሳሽ የነካው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። ነገር ግን ፈሳሹ አይረጭም፤ ስለዚህ በእጅ እስካልተነኩ ድረስ ባለ 15 እጥፉን አስጠግቶ ማየት ይቻላል፣ ጠብታው ከጉልበታቸው ሲወጣም በግሩም ሁኔታ ይታያል። በተቃራኒው፣ በአፍሪካ ደረቅ ሜዳዎች የሚኖሩት አንቲያ የሚባሉት ትልልቅ ጥቁር ጢንዚዛዎች፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ 5 ሳንቲሜትር ያህል የሚደርሱት፣ ፎርሚክ አሲድ አርቀው ይረጫሉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሕመሙ ከባድ ነው። ለእነዚህ የ100 ሚሊ ሜትሩም ቢሆን በጣም ቅርብ ነው፤ ግዙፍ ስለሆኑ ያለ ሌንስ፣ በስልኩ በራሱ ማቅረቢያ ከራቅ ያለ ቦታ ማንሳት ይሻላል።

ወደ ዕቃው አሠራር ስመለስ፣ የሁለቱም መቆንጠጫ ፕላስቲክ ነው፤ የ100 ሚሊ ሜትሩ ከባድ ስለሆነ ስልኩ ዘንበል ሲል መቆንጠጫው ይንሸራተታል፣ ሌንሱም ከካሜራው መሃል ይወጣል። የስልክ ሽፋን ያለው ሰው ሽፋኑን ማውለቅ ይኖርበታል። ሦስትና አራት ካሜራ ያላቸው ስልኮች ላይ የሚያጋጥመው ችግር ከዚህ ይከፋል፤ ዕቃው ሲጠጋ ስልኩ በራሱ ውሳኔ ወደ ሌላኛው ካሜራ ይቀይራል፣ ሌንሱ የተገጠመበትንም ይተወዋል። ይህንን ለማስቀረት በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ በራሱ የሚቀያይረውን ማጥፋት፣ ይህ ካልተቻለ ሌሎቹን ካሜራዎች በጥቁር ፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል። አንድ ካሜራ ብቻ ያላቸው ቆየት ያሉ ስልኮች በዚህ ረገድ ከአዲሶቹ የተሻሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ለትምህርት ቤት ደግሞ ይህ መልካም ዜና ነው።

በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ጉሙና ቅዝቃዜው ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐይቅ ግን ከዚያ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ይሞቃል፣ አየሩም ከውሃው የተነሳ እርጥበት አለው። ከደሴ በጠዋት ቅዝቃዜ የወጣ መስታወት ዳርቻው ላይ ከቦርሳ ሲወጣ ወዲያው ላብ ይይዘዋል። ባለ 15 እጥፉ በአንድ ጊዜ ስለሚሞቅ ቶሎ ይጠራል፤ የ100 ሚሊ ሜትሩ ብረትና ወፍራም መስታወት ስለሆነ ይዘገያል፣ አልፎ አልፎም ጤዛው ከመስታወቶቹ መካከል ገብቶ በጨርቅ የማይደረስበት ይሆናል። ሌንሱን በታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ማቆየትና የአካባቢውን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፍቱ መጠበቅ ይህንን ያስቀራል።

ለማታ ሥራ ከግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከስልኩ መብራት በእጅጉ ይበልጣል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ተኑ ከጥቁሩ አፈር ተለይቶ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከፊት ለፊት ሲመጣ ግን ይጠፋል። ስሎው ሞሽን ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ ሁለት ተማሪዎች ከግራና ከቀኝ ባትሪ ቢይዙ ውጤቱ ያምራል።

ዋጋን በተመለከተ ባለ 15 እጥፉ ከአንድ ተራ የስልክ ቻርጀር ብዙም አይርቅም፤ የ100 ሚሊ ሜትሩ የዚያን እጥፍና ከዚያ በላይ ያስከፍላል፤ ከሱቅ ሱቅም ልዩነት አለ። ሻጮቹ በአጠቃላይ ቅን ናቸው፣ የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዳቸውም ሌንሱ ከስንት ሳንቲሜትር እንደሚሠራ አልነገሩኝም፤ ማሸጊያውም ላይ አልተጻፈም። ገዢው ራሱ ሊፈትነው ይገባል። ከመክፈልዎ በፊት ሌንሱን በራስዎ ስልክ ላይ ያስገጥሙ፤ የብር ኖት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በላዩ ላይ ያለው ደቃቅ መስመር ጥርት እስኪል ድረስ ስልኩን ቀስ እያሉ ያርቁ፤ ከዚያ በሌንሱና በኖቱ መካከል አራት ጣቶችዎን ጎን ለጎን አድርገው ያስገቡ። ጣቶችዎ ከገቡ ሌንሱ ለተኳሽ ጢንዚዛ ይሆናል። አንድ ጣት ብቻ ከገባ ማሸጊያው ምንም ቢል የወረቀት ሌንስ ነው። የምስሉ ጠርዝ ላይ መስመሮቹ ከተጣመሙ ወይም ቀስተ ደመና ዓይነት ቀለም ካወጡ ሌላ ፍሬ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ በአንዱ ካርቶን ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል አይደሉም።